ዱርናዝና የጋለው ብረት

ዱርናዝን ወድጃት አላውቅም፤ እሷም እኔን። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ አዛኝ መስዬ እንዳልገኝ ነው። ታሪኳን ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ራሷ በእጄ ነበር።

ወደ ቤታችን ስትገባ አስራ ስምንት ዓመቷ ነው። ቤታችን ሊያሪ ውስጥ፣ ከካራቺ ወደብ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ከሄደ ሦስተኛው ግድግዳ የሚታከክበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። አባቷ በአህያ ጋሪ ዕቃ ያመላልሳል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ያንኑ ጋሪ ይዞ እሽቅድምድም ይገባል። ሺዲዎች ናቸው። ሺዲ ቅድመ አያቶቹ በባሕር ከአፍሪካ ዳርቻ የመጡ ሰው ነው፤ እኛ ሰፈር ግን ቃሉ እንደ አፉ ይለያያል። የዱርናዝ አባት ሲለው ኩራት ነው፣ እናቴ ስትለው ስድብ።

ታላቅ ወንድሜ ዳዱ ባሕር ማዶ፣ ማስካት ከተማ ውስጥ ዘበኛ ነበር። ለእረፍት መጥቶ የጋሪ ውድድር ሲያይ እሷንም አያት። እናታችን ቢቢ ማህጋንጅ ስትሰማ "እኔ ሞቼ ነው!" አለች። ዳዱ ግን እሷ ካልሆነች ከማስካት ተመልሼ አልመጣም ብሎ ማለ። በልጅ የተሸነፈች እናት ቂሟን ልጇ ላይ አታደርገውም፤ ምራቷ ላይ ነው የምታደርገው።

ሰርጉ አልቆ ዱርናዝ መሸፈኛዋን ስታወርድ ፀጉሯ ተነሳ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ታስሮ የቆየ ነገር ሲፈታ እንደሚያደርገው ወደ ጎንም ወደ ላይም ሄደ። ከርዳዳ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የማበጠሪያ ጥርስ የሚሰብር ፀጉር። እሷ ግን ትልቅ ስጦታ ይዛ እንደመጣች ሁሉ በእጇ ዳበስ አደረገችው። እናቴ ማድ ቤት ጠራችኝና በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፦

"ይህ ራስ እንዲህ ሆኖ ከደጄ አይወጣም። ሰማሽኝ ባናሪ? ነገ ጠዋት ካውያውን አሙቂ።"

ለምን እኔን እንዳዘዘች አውቃለሁ። ከአስራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ በር ተቆልፎ፣ የናስ ማበጠሪያ በጋዝ እሳት አግዬ፣ በኮኮናት ዘይት እያሸሁ የእናቴን ፀጉር የማለሰልሰው እኔ ነበርኩ። የእሷም ከርዳዳ ነው። የእናቷ እናት ሺዲ ነበረች። እናቴ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ዘሯ ከፋርስ ወደብ እንደሆነ ነግራ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ ነው የኖረችው። እኔ የአባቴን ሉጫ ፀጉር ወረስኩ፤ ለዚህ ነው ከልጆቿ ሁሉ እኔን ይዛ ሰው ቤት ለቅሶም ሰርግም የምትዞረው። ሚስጥሩን ከእኔና ከሟች አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም ብለን እናምን ነበር።

ከዚያ በኋላ የዱርናዝ ማለዳ አንድ ዓይነት ሆነ። ከንጋት ሶላት በኋላ ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ፀጉሯን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈልኩ፣ ጣውላ ላይ ዘርግቼ፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጌ በልብስ ካውያ እተኩሰዋለሁ።

"ዛሬ እንኳ ይቅር እትዬ ባናሪ፣ ራሴን ያመኛል" ትለኛለች።

"ራስሽን ማን ነካው? ጫካሽን ነው የምንመነጥረው።"

እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና ትጮሃለች። "ጠበቅ አድርገሽ ሳቢው! በግ ነው እንዴ የምትሸልቺው?"

"በግማ ብሆን በዓመት አንዴ ነበር የምሸለተው" አለች ዱርናዝ።

ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። ካውያውን ጫን አደረግሁት።

ክፉ ነበርኩ፤ የሚያስገድደኝም አልነበረም። በእርግጥ እኔም ታጭቼ ነበር፤ ሰውየው የአጎቱን ልጅ አግብቶ ቀረ፣ ሉጫው ፀጉሬም አላስቀረውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ በእናቴ ቤት ተቀምጬ፣ ለዚህች የጋሪ ነጂ ልጅ ባሏ ከማስካት ደብዳቤና ሽቶ ሲልክላት አያለሁ። የሌላ ሰው ራስ በእጅ ሲገባ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻላል። አደረግሁ።

በሁለተኛው ዓመት ዳዱ የፀጉር መተኮሻ ፔስትራ ላከ። ሚስቴ በልብስ ካውያ እንዳትሰቃይ ብዬ ነው አለ፣ እንደ ትልቅ ደግነት። ያ ጅል አልገባውም። የልብስ ካውያ ፀጉሩን የሚያገኘው ከራስ ቆዳው አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ነው። ፔስትራ ግን እንደ ጉጠት ሁለት ብረት ነው፤ እስከ ሥሩ ይገባል፣ የራስ ቅልን ይልሳል። የዱርናዝ ግንባር ዳር ላይ ያለው ፀጉር መሰባበር ጀመረ። ወለሉን ስጠርግ አጫጭር፣ የተጠቀለለ፣ ዝንብ የሚያክል ፀጉር በመጥረጊያው አወጣለሁ።

ለዳዱ ነግራዋለች። በዓመት አንድ ወር ሲመጣ ከግድግዳው ማዶ እሰማቸው ነበር።

"እናቴ ናት፣ ቻያት" ይላል።

"እናትህን ችያለሁ። ብረቱን ነው ያልቻልኩት።"

"እኔም እኮ ወድጄዋለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ያምርብሻል።"

ከዚያ ወዲያ ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ ከመናገሯ ይልቅ ታናድደኝ ነበር።

አንድ ኢድ ማለዳ ብቻ ገነፈለች። እንግዳ ሊገባ ሲል ራሷን ጨርሼላት ነበር፤ እንደ ሐር ወርዶ። ወጥታ ግቢ ያለው ቧንቧ ሥር ገብታ ራሷን ነከረችው። እኛ ጮኸን ሳንደርስ ፀጉሯ ውሃውን እየጠጣ፣ እየተጠቀለለ፣ እየተነፋ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንግዶቹ ሲገቡ ከነፀጉሯ ቆማ "ኢድ ሙባረክ" አለቻቸው። በማግስቱ እናቴ ቧንቧው ላይ ቁልፍ አስገጠመች። ከዚያ በኋላ ዱርናዝ ውሃ በጆግ ተለክቶ ይሰጣት ጀመር።

ልጇ ሜህላብ የእናቷን ፀጉር ይዛ ተወለደች። ሕፃኗ በታየች ቁጥር እናቴ በአዘኔታ ከንፈሯን ትመጥጣለች፤ አካለ ጎዶሎ የተወለደባት ይመስል። ዱርናዝ ግን አንድ ነገር ላይ እንደ ድንጋይ ነበረች፤ ልጄን አትነኩም። የራሷን ራስ ሰጥታ የልጇን የገዛች ይመስል በየማለዳው ዱካው ላይ ቁጭ ትላለች፤ ትንሿን ግን ራሷ በሁለት ጉንጉን ትሠራታለች። ለስድስት ዓመት ያህል በዚህ ስምምነት ኖርን።

ስምምነቱ የፈረሰው ለትንሹ ወንድሜ ለሻምበ ሚስት ልትታጭ ስትል ነው። ልጅቷ የማሊር ሰዎች ልጅ ነበረች፤ እርሻና የማንጎ ዛፍ ያላቸው፣ እናትየዋ ሐጅ የሄደች፣ ሁሉም ሐጃኒ የሚሏት ትልቅ ሴት። ረቡዕ ቀን ከአስር ሰዓት በኋላ ቤታችንን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። ከዝናቡ በፊት ያለው ሳምንት ነበር፤ አየሩ ከባሕሩ የተጨመቀ ፎጣ ይመስላል፣ ግድግዳው ራሱ ያልባል።

እናቴ ከምሳ በኋላ ዱርናዝን ዓሣ እንድትገዛ ላከቻት። ቤት ውስጥ ዓሣ ነበረ። በሩ እንደተዘጋ ወደ እኔ ዞረች።

"ልጅቷን አምጫት። እነዚያ ሰዎች ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት እሷን ነው።"

"ዱርናዝ..." አልኩ።

"ዱርናዝ ምን? ይህ ቤት የማን ነው?"

ፔስትራውን ሰካሁት። ሜህላብ መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ቆጥራው ሳቀች። ብረቱ ሲሞቅና ጭሱ ሲወጣ ግን ፈራች፤ ራሷን ወደ ኋላ ሳበች። እናቴ ሁለቱን እጆቿን ያዘቻት። ቸኩዬ ነበር። ልጅቷ ድንገት አንገቷን ስታዞር ብረቱ ጆሮዋንና ከጆሮዋ ሥር ያለውን ቆዳ ይዞ ተዘጋ። ጩኸቷን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ እናቴ አፏን ስላፈነቻት ብዙ አልጮኸችም። የማስታውሰው እጄ ወዲያው አለመከፈቱን ነው። አንድ ቅጽበት ዘግይቷል።

እናቴ የጥርስ ሳሙና ቀባችበት። "ዝም በይ የኔ ንግሥት፣ ለእናትሽ አትንገሪ፣ አሻንጉሊት እገዛልሻለሁ" አለቻት። የተቃጠለውን ጎን በአረንጓዴ ሻሽ ሸፈነችው። የቀረውን ፀጉር ጨረስኩት። ጨረስኩት!

ዱርናዝ ስትመለስ እንግዶቹ ገብተው ተቀምጠዋል። ሐጃኒ ትራሱን ተደግፋለች፣ ሁለት እህቶቿ ከጎኗ። ሜህላብ የጣፋጭ ሰሃን ይዛ ትዞራለች፤ ፀጉሯ ሉጫ ሆኖ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል፣ ዓይኗ አብጧል። ዱርናዝ በሩ ላይ ከነዓሣው ቆመች። ዓሣውን አስቀምጣ መጥታ ልጇ ፊት ተንበረከከች፣ ሻሹን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። ሻሹ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበርና ልጅቷ ሲቃ አሰማች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

እናቴ ሳቅ ለማለት ሞከረች። "ልጅ አይደለች? ምድጃ ነክቷት ነው። ይልቅ ሻዩን ቅጂ።"

"ሜህላብ፣ ምን ነካሽ?"

ልጅቷ ሰሃኑን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። "አክስቴ ባናሪ ናት። አያቴ እጄን ይዛኝ።"

ዱርናዝ ቀስ ብላ ተነሳች። እኔን አላየችኝም። ወደ እናቴ ሄደች።

"ማን ፈቀደልሽ?" አለቻት።

በሰባት ዓመት ውስጥ እናቴን ከ"እርስዎ" ወደ "አንቺ" አውርዳት አታውቅም።

"ምን አልሽኝ?"

"አንቺ አልኩሽ። የራሴን ራስ ሰጥቼሽ ዝም አልኩ። የልጄን ማን ሰጠሽ?"

እናቴ ፊቷን ወደ ሐጃኒ መለሰች። "ይቅርታ ያድርጉልን እሜቴ፣ የጋሪ ነጂ ልጅ ናት፤ የሺዲ አስተዳደግ መቼም ያውቁታል..."

"ሺዲ?" አለች ዱርናዝ። ድምፅዋ አልጨመረም። "ሐሙስ ሐሙስ ከበርሽ ሥር የሚወጣው ሽታ የምን ነው? የተቃጠለ ፀጉር ሽታ የማላውቅ መሰለሽ? በየቀኑ ከራሴ ላይ የማሸተው እኮ ነው!"

ይህን ብላ የእናቴን ሻሽ በአንድ እጇ ገፈፈችው።

ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ፀጉሯን የምተኩስላት በማግስቱ ሐሙስ ነበር። የስድስት ቀን ላብና የባሕር እርጥበት የጠጣው የእናቴ ፀጉር ከሥሩ ተነስቶ ቆሟል፤ ጫፉ ሉጫ፣ ሥሩ ከርዳዳ። እናቴ ልብሷን የተገፈፈች ያህል በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። አዘንኩላት? አላዘንኩም። የዚያን ቀን ለማንም አላዘንኩም። ያሰብኩት አሁን ሁሉም የማን እጅ እንደሠራው ያውቃል፣ የሚለውን ብቻ ነው።

ሐጃኒ ሻይዋን ሳትጨርስ አስቀመጠች። አንዷ እህቷ ፈገግ ስትል በክርኗ ጎሸመቻት። ከዚያ ለእናቴ እንዲህ አለቻት፦

"ፀጉርሽ የአላህ ሥራ ነው፣ እኔን አያገባኝም። ልጄን ግን ሕፃን የሚያቃጥል ቤት አልሰጥም።"

ተነስተው ወጡ። የሻምበ ነገር እዚያው አለቀ።

ዱርናዝ የልጇን ልብስ በፌስታል ከተተች። አባቷ ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ሳይመሽ፣ ጋሪውን ይዞ መጣ፤ ውስጥ አልገባም፣ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ስትወስዷት ፀጉሯን አይታችሁ ነው የወሰዳችሁት" አለ ለእናቴ። "ደብቄ አልሰጠኋችሁም።"

"ውሰዳት! ከነአህያህ ውሰዳት!"

"አህያዬን እንኳ አንድ ቀን በእሳት ነክቻት አላውቅም፣ ቢቢ ማህጋንጅ።"

መንገዱ ሙሉ ሰው ቆሞ ይሰማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሴቶች ስናልፍ "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ይባባሉ ነበር፤ ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ እንኳ ሳይደክሙ።

ዳዱ በሁለተኛው ሳምንት ከማስካት መጣ። እናቴ ባጠባችው ጡት አስምላ ፍታት አለችው። እሱ ዱርናዝ ዘንድ ሄደ። የተነጋገሩትን ከሰው ነው የሰማሁት። ዱርናዝ ራሷን ሙልጭ አድርጋ ተላጭታ ነበር አሉ፤ ያ የተሰባበረውን ሁሉ እናቷ በመቀስ ቆርጣ፣ የቀረውን በምላጭ አንስታላታለች። ዳዱ ሲያያት አለቀሰ።

"አታልቅስ፣ ይበቅላል" አለችው። "ወይ ከአባቴ ቤት አጠገብ ክፍል ትከራይልኛለህ፣ ወይ ወደ እናትህ ትመለሳለህ። ሦስተኛ መንገድ የለም። 'ያምርብሻል' ያልከኝንም አልረሳሁትም፤ እሱን ለብቻው እንነጋገርበታለን።"

ክፍሉን ተከራየላት። እናቴ ረገመችው። ለእናቴ የሚልከውን አላቋረጠም፤ ደጃችንን ግን ለዓመታት አልረገጠም።

ዱርናዝ ዓሣ ወደቡ ላይ ሽሪምፕ ከሚልጡት ሴቶች ጋር ሥራ ገባች። በረዶ ውስጥ እጅ የሚያደርቅ፣ ጀርባ የሚሰብር ሥራ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ የአንድ ረድፍ አለቃ ሆነች። ምላሷን ሁሉም ይፈራል አሉ፤ አንዱ ተቆጣጣሪ በአንዲት ሺዲ ልጅ ፀጉር ሲቀልድ ሰምታ የበረዶ አካፋ ይዛ እስከ በሩ አሳደደችው፣ ሥራዋንም አላጣችም። ፀጉሯ ተመልሶ በቀለ። ከበፊቱ አነስ ያለ ነው ይላሉ፤ ግንባሯ ዳር ላይ ግን እስከ ዛሬ ራሰ በራ ቦታ አለ፣ ያ የእኔ ነው።

አስራ አንድ ዓመት አለፈ። አንድ ከሰዓት በር ተንኳኳ፤ ስከፍት ሜህላብ ቆማለች። አስራ ሰባት ዓመቷ። ቁመቷ የዳዱ፣ ፀጉሯ የእናቷ።

"አክስቴ ባናሪ፣ አርብ የሰው ሰርግ አለብኝ። ፀጉሬን ሉጫ ማድረግ እፈልጋለሁ። እንደ አንቺ የሚችልበት የለም ይላሉ።"

"እናትሽ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

ምን እንደተሰማኝ እውነቱን ልናገር። ደስታ ነው። ያቺ ዱርናዝ ራሷን ተላጭታ፣ ወንድሜን ነጥቃን፣ ሰፈሩን በእኛ ላይ አስቃ፣ ልጇ ግን በእግሯ ወደ እኔ መጣች። አስገባኋት። ሦስት ሰዓት ፈጀሁ። መጀመሪያ አጠብኩት፣ በፎን አደረቅሁት፣ እንደ ክር እየከፈልኩ ብረቱን ለብ ባለ ሙቀት ብቻ አሳለፍኩ። የተቃጠለው ጆሮዋ አጠገብ ስደርስ በጣቴ ሸፈንኩላት። እጄ ሥራውን ያውቃል። አምሮባት ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ዱርናዝ መጣች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። እጇ ላይ የበረዶ ስንጥቅ አለ። "እትዬ" አላለችኝም።

"አንቺ ነሽ የሠራሻት?"

"ልጅሽ ናት የመጣችው። አልጠራኋትም።"

"አውቃለሁ፣ ነግራኛለች። ራሱ የእሷ ነው፤ ደግማ ብትመጣ አልከለክላትም። ልነግርሽ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ደግመሽ ብታቃጥያት እዚሁ በር ላይ ነው የምገድልሽ፤ የማወራሽ እንደ ቀልድ አይደለም።"

"ዱርናዝ፣ ያን ጊዜ እኮ እኔ..."

"አትጨርሺው!" አለችኝ። "አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር? እኔ የምኖረው የሁለት ሰዓት መንገድ አይደለም፣ ሦስት መንገድ አልፎ ነው። ይቅርታሽን የማስቀምጥበት ቦታ ቤቴ ውስጥ የለም።"

እናቴ ከውስጥ ሆና ሰማች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ሰይጣን ነው። "ማን ነው? ማን ነው በሩ ላይ?" አለች።

"የጋሪ ነጂው ልጅ ናት" ብላ ዱርናዝ በሙሉ ድምፅ መለሰችላት፤ ሄደች።

ሜህላብ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መጣች፣ ከዚያ ቀረች። በባሕር አየር ሁለት ቀን አይቆይም፣ ደከመኝ አለች አሉ። እኔንም ናፍቃ እንደማትመጣ አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ሻምበ፣ በስተመጨረሻ ሌላ አግብቶ፣ ወንድ ልጁን ሲያስገርዝ ሁላችንንም ጠራን። ዱርናዝም ከባሏ ጋር መጣች፤ ራሷ የሠራችውን አንድ ትልቅ ድስት ሽሪምፕ ይዛ። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠን ሩዙ ቀረበ። የሻምበ ሚስት ያንን ሽሪምፕ እያወጣች እኔ ጋ ልትደርስ ሲል ዱርናዝ ተነስታ ጭልፋውን ከእጇ ተቀበለቻት። በቀኜ ላለችው ሴት በደንብ አወጣችላት፤ እኔን አልፋ በግራዬ ላለችው አወጣች። ሴቶቹ ሁሉ አይተዋል። ሩዙን ብቻ በላሁ።